ከፓምፑ ቤት ምንም የለም

ሦስተኛ ሌሊቴ ነው፤ አዳማ፣ ውሃ ቢሮ፣
ማራገቢያው ያንኑ ሙቀት ያመጣል ዞሮ ዞሮ።
ሰርቨሩ ነቅቷል፤ የመጣለትን ይለቅማል፣
የሒሳብ ክፍል ማተሚያ «ወረቀት አለቀ» ይላል፣
የበሩ ካሜራ «ድመት አለፈች» ብሎ ይከሳል፤
ከአዋሽ ዳር ግን፣ ከፓምፑ ቤት፣
ዝም ጭጭ፣ ከዓርብ ጀምሮ፣ ድፍን ሦስት ሌሊት።

ስልክ መታሁ ለሁንዴ፦
«ማሽኑ ሞቷል እንዴ?»
«ኧረ ደህና ነው» አለኝ፣ «መብራቱ ይጠቅሳል፣
እጅሽን ብታስጠጊ ትንፋሹ ይሞቃል።»
ፒንግ ላክሁ፤ መለሰ። እንግዲህ መንገዱ ደህና ነው፣
መንገደኛው ነው የጠፋው።

ዩዲፒ ክፉ አመል አለው፤
ወርውሮ ይሄዳል፤ ደረሰ አልደረሰ ግድ የለው፣
ደረሰኝ አይጠይቅ፣ ዞሮም አያይ፣
እንደ ሰከረ ጎረቤት፣ አጥር ላይ
ተናግሮ የሚያልፍ።

በሩን አየሁ፦ አምስት መቶ አሥራ አራት፤
ፋየርዎሉ ክፍት፣ ሰርቨሩም ጆሮውን ጥሎበት።
ኬብሉን ነቅዬ ሰካሁ፤
ምን እንደሚረዳ ባላውቅም፣ እፍ አልሁ።
የሁንዴን ጣት በስልክ መራሁ፣ ፊደል በፊደል፦
«ሁለት ኤት አይደለም፤ አንድ ኤት።» «ቆይ... ይኸው፣ አንድ፤ አይደል?»
«በል የሙከራ ቃል ላክ።» «ምን ልበል?» «ያሻህን በል።»

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሽቦውን ራሱን አደመጥሁ፣
ፓኬቱን እያንዳንዱን ሲያልፍ ቆጠርሁ።
ይመጣል! ደጄን ይረግጣል፣ ይገባል፣
ከዚያ ውሃ እንደነካው ጨው ይጠፋል።

የዛሬን ማህደር ትቼ ወደ ታች፣ ወደ ታች ወረድሁ፣
ሊኖር የማይገባው አቃፊ ላይ ደረስሁ፦
ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት። ለዚህ ሰርቨር ስምንት ዓመት ያለፈ፣
ያኔ እሱ ገና አልተገዛም። ግን ይኸው፣ ሞልቶ ተትረፈረፈ፦

«ግፊት ወረደ።» «ግፊት ወረደ።» «ፓምፕ ሁለት ቆመ።»
ሦስት ቀን ሙሉ ጮኾ፣ ጮኾ፣ ደከመ፤
ቦኩ ላይ ጀሪካን ተደርድሮ፣
እኛ «ከፓምፑ ቤት ምንም የለም» እያልን በቢሮ።

«ሁንዴ፣ ቀኑን ማን ሞላው?» «ዓርብ መብራት ሄዶ ሲመጣ
ማሽኑ ቀን ጠየቀኝ፤ ካላንደር አይቼ ነዋ! ከየት ላምጣ?
ሰኔ አሥራ ሦስት፣ ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት። ተሳሳትሁ?»
ቀና ብዬ፣ የእኛን ግድግዳ ካላንደር አየሁ።
አልተሳሳተም።

ከፋይሉ ግርጌ፣ በመጨረሻዋ መስመር፣
ቅድም የላካት የሙከራ ነገር፦
«ሁንዴ ነኝ። እዚህ ነኝ። የሚሰማ አለ?»
«አለ» አልሁት። «ሰዓቱ ይቆየን፤ ፓምፕ ሁለትን እየው፣ ምን ሆኜ አለ?»