የልክ ደብተር

መጠይቅ አደሉን በመስከረም ወበቅ፣
ሻርጃ፣ አዳራሽ ውስጥ፣ ብርዱ እጅ የሚያደርቅ።
«ተመርቀሽ ስትወጪ ንግድ ትጀምሪያለሽ?»
ከአንድ እስከ አምስት ነው፤ ታከብቢያለሽ፣ ታልፊያለሽ።

ሚራ አጠገቤ ናት፤ ያባቷ ሦስት ሕንጻ፣
አምስትን አከበበች፣ እጇ ፍጹም ነጻ።
ከኋላ ኒቲን አለ፣ የኬረላው ልጅ፣
ካልኩሌተር ይዞ ያደገ ካጎቱ ሱቅ ደጅ፤
«አምስት ቪዛ ላለው፣ ለኔ አራት ነው እንጅ»
ብሎ ሳቀ ለራሱ።

እኔ እስክሪብቶ ይዤ ቀረሁ ከክበቡ፤
ጥያቄው አንድ መስመር፣ ብዙ ነው ሰበቡ።

ቁጥር ሰባት፦ «ከቤተሰብ ነጋዴ አለ?» ሲለኝ፣
አለ ልበል? ነበረ? የቱ ነው የሚቀለኝ?
እናቴ ዘምዘም፣ ከሰው ቤት ሥራ ወጥታ፣
አጅማን፣ ከዓሣ ተራው ጀርባ፣ ክፍል ተከራይታ፣
ዓባያ ትሰፋ ነበር፤ ጥቁር በጥቁር ላይ።
ጥልፉ የእጇ ሥራ ነው፤ ስሟ ግን የለም ከላይ።
ፈቃዱ በሰው ስም፣ ኪራዩ በሰው ስም፤
የእሷስ? ጣቷ ብቻ፣ እሱም የመርፌ ደም።

ለኢድ አንድ ሳምንት ሲቀር ባለፈቃዱ መጣ።
አልጮኸም። ሻይ ጠጣ።
ከዚያ የስፌት መኪኖቹን ጫነ፣ ደንበኞቹን ጭምር።
እኔ ዘጠኝ ዓመቴ፤ የቤት ሥራዬ ድምር፤
እሷ በዚያው ገጽ ግርጌ ዕዳዋን ስትቀንስ፣
ሃያ ስምንት ሺህ ድርሃም ዜሮ እስኪሆን ድረስ
ስድስት ዓመት ፈጀ።

ቁጥር አሥራ ሁለት፦ «መክሰር ያስፈራሻል?»
ምኑ ያስፈራኛል? ከእሱ ጋር ነው ያደግሁት፣
በአንድ ጣሪያ የኖርሁት፣ በአንድ ትራስ የተኛሁት።
የሚያስፈራኝ ማትረፍ ነው፤ አትርፎ፣ አትርፎ፣
ማደር በሰው መዝገብ፣ በሰው ስም ተጽፎ።
ይህን የሚጠይቅ ቁጥር አጣሁ።

እሷማ ትለኛለች፦ «ተማሪ፤ ደሞዝ ያዢ፤
የሰው ወርቅ አያደምቅ፤ መርፌና ክር አትግዢ።»
አፏ እንዲህ ይላል፤ ዓርብ ቤቱን ስወለውል
ከፍራሿ ሥር ያገኘሁት ደብተር ግን ሌላ ይላል፦
ኡም ኸልፋን፣ ትከሻ ሠላሳ ዘጠኝ፣ እጅ ሃምሳ ስምንት፣
ቁመት መቶ አርባ ሦስት፣ «ወገቡ ላላ ይበል»፣ ስልኳ ከነምልክት።
ሁለት መቶ ሴቶች፣ ሁሉም ከነልካቸው፤
ያ ሰውዬ ሁሉን ሲጭን እነሱን ረሳቸው።

«ሰዓት አልቋል» አለ ረዳቱ። ሦስትን አከበብሁ።
«አልወሰነችም» ብለው ይጽፉኛል፤ አውቃለሁ።
ይጻፉ።
እነሱ ቁጥር አላቸው፤ ልኩ ያለው እኛ ቤት ነው።

አውቶቡስ ፌርማታው ላይ፣ ላብ ዓይኔን እያቃጠለው፣
ፎቶ ያነሳሁትን ገጽ ከስልኬ ከፈትሁ፣
የኡም ኸልፋንን ቁጥር እያመነታሁ መታሁ።
አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሞታስ፣ ቀይራስ ቢሆን?
ይጠራል።
ምን ብዬ ልጀምር? ስሜን? ወይስ የእናቴን?