ምላሽ ያልሰጠች

አሥር ደቂቃ ነው የተሰጠን ለኛ፣
ከአሥራ አንዱ ቡድኖች እኛ ሰባተኛ።
ደብረ ብርሃን ጠዋት፣ ውርጩ መስኮት ልሶ፣
የኔ ላብ በጀርባ ይወርዳል ገስግሶ፣
በተዋስኩት ኮት ውስጥ፣ እጅጌው ረዝሞብኝ፣
የታጠፈው ጠርዙ እየተፈታብኝ።

ፕሮጀክተሩ ሳለ፣ ሰማያዊ ተፋ፣
ጉልላት ገመዱን ነቀለ፣ ሰካ፣ ለፋ፣
ኋላ ግን ርዕሳችን ከግድግዳው ሰፋ፦
«የነፍሰ ጡር እናቶች በማቆያ ቤት
ያለመቆየታቸው ምክንያትና ስፋት፤
መንዝ፣ ሰሜን ሸዋ።» ከሥሩ አራት ስም፣
የኔ ሦስተኛው ነው። ትርንጎ። አይነበብም።

ናሙናው ሁለት መቶ አሥራ ሁለት እናት፤
«የምላሽ መጠኑ» አልኩ በልበ ሙሉነት፣
«ዘጠና ዘጠኝ ነጥብ አምስት በመቶ ነው።»
ከኋላ አንድ ወዳጅ ጭብጨባ ጀመረው፣
ብቻውን መሆኑ ገብቶት እጁን ሰበሰበው።

ከዚያ ሰንጠረዥ ነው። ዕድሜ፣ የትዳር ሁኔታ፣
ከቤት እስከ ጣቢያ የእግር መንገድ ቆይታ።
ፒ ቫልዩዋም አለች፣ ጉልላት በቀይ ያሰመረላት፣
እንደ በኩር ልጁ ሌሊቱን ሙሉ የሳሳላት።

ከፊት ያሉት ዳኛ መነጽር አወለቁ፣
በቀስታ ጠረጉ፣ በቀስታ ጠየቁ፦
«አንዷስ? ያች የቀረችው?»

መልሱን አውቀዋለሁ። መምህር ይታገሱ
አስጠንተውኛል፦ «እዚህ ላይ ከደረሱ፣
‹ፈቃደኛ አልሆነችም› በይና እለፊ።»
ከፈትኩት አፌን። ቃሉ ግን አልወጣም ከአፌ።

ስሟን አልናገርም። ፈርሜያለሁ ላልናገር።
ሰማንያ ሰባት እንበላት። ስምንት ወሯ ነበር፤
ከካቡ ሥር ተቀምጣ ኩበት ስትጠፈጥፍ አገኘኋት፣
ፎርሙን አነበብኩላት፣ ዓላማውን አስረዳኋት፣
እስክጨርስ ሰማችኝ፣ እጇን በሣር ጠረገችና፦
«ጠይቂኝ፣ ግድ የለም፤ አስቀድሜ ግን ልጠይቅሽና፣
እዚያ ማቆያ ያላችሁት አልጋው ስንት ነው?
ብርድ ልብስስ አለው? ማታ እሳቱን የሚያነደው
ማነው? ላሜንስ ማን ያልብልኛል?
ይኼን ንገሪኝ። ያንቺን እመልሳለሁ፣ የት ይሄድብኛል።»

አገላበጥኩት መጠይቁን፣ አርባ ሦስት ጥያቄ፣
ለርሷ የሚሆን ሣጥን የለም፣ አየሁት ተጠንቅቄ።
«አጣርቼ እነግርሻለሁ» አልኳት።
«እጠብቃለሁ» አለችኝ።

ስመለስ ገባሁ ማቆያው። አራት አልጋ፣
ስፖንጁ የተቦጨቀ፣ መስኮቱ በማዳበሪያ ጆንያ የተዘጋ።
ብርድ ልብስ፦ አንድ።
ጠርዙን ገልጬ አየሁት፤ የተሰፋችው ቁራጭ ጨርቅ
ደብረ ብርሃን ትላለች።
ብርድ ልብስ ከሚሸመንበት ከተማ ጥቂት ሰዓት ርቆ፣
አራት ሰው ለአንድ ብርድ ልብስ ዕጣ ይጣጣል ተሳቅቆ።
ያን ዕለት ማታ ፎርሙ ላይ ጻፍኩ፦ «ምላሽ አልሰጠችም።»

ይህን ሁሉ ነገርኳቸው፣ ከስላይዱ ወጥቼ።
ሰዓት ያዡ ቀይ ካርዱን አነሣ። አወረደው። ደግሞ አነሣ።
ዳኛው አንድ ነገር ጻፉ፦ «ጥሩ ነው፤ ግኝት ግን አይደለም፣
በውይይቱ ክፍል ይግባ፤ ለወደፊት ጥናት ይጠቆም።»

ሦስተኛ ወጣን። ሰርተፊኬቱ «ትንርጎ» ይለኛል፤
ሸዋፈራሁ ስቆ «እሱም ስም ነው» አለ፣ «ይለመዳል።»
ለስላሳ ጠጣን፤ ፎቶ ተነሣን፤ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ወጣሁ።

ማታ ዶርም ውስጥ ግን ስሌቱን ደግሜ አየሁት፣
ቁጥሩ ልክ ነበር፤ ሰውዋን ነው የሳትኩት።
ጠይቃኝ ዝም ያልኩ እኔ ነኝ።
ምላሽ ያልሰጠችው እኔ ነኝ።

ቅዳሜ፣ መናኸሪያ። የመንዝ አውቶቡስ ሞተሩን አስነሥቷል።
ረዳቱ በሩ ላይ፦ «ስንት ሰው?»
«አንድ።»
«ያ የተጠቀለለውስ?»
«ብርድ ልብስ ነው።»
«ይከፈልበታል።»
ከፈልኩ።

በጣቴ ቆጠርኩኝ፤ ወይ ወልዳለች፣ ወይ ዛሬ ነገ ናት።
አልጋው ዛሬም አራት፣ ብርድ ልብሱ ሁለት።
የእሳቱን ጥያቄ ግን፣ የላሟንም ጭምር፣
ገና አልመለስኩም። ዳገቱ ሲጀምር
ጆሮዬ ጭው አለ።