ሮብሌ እንደተረጎመው

ፊልም በባቡር ነው ያኔ የሚደርሰው፣
ከጅቡቲ ወደብ፣ ከሩዝ ጆንያ ጋራ፣ ከአቧራና ከሰው፤
ስድስት ክብ ቆርቆሮ።
ሰባተኛው ክቡ አንድም ድንበር ቀርቷል፣ አንድም በሰው ጓሮ
ክዳን ሆኗል ለበርበሬ ማሰሮ።
እኛ ግን ስሙኒ በላብ መዳፍ ይዘን
እንገባ ነበረ፣ የጎደለውን ክብ ከሆዳችን መዝዘን።

የቻይናው ካራቴ፣ የጣልያን ፈረሰኛ፣
እነሱስ ግድ የለም፤
ጥፊ በየትም አገር ያው ጥፊ ነው ለእኛ።
የህንዱ ነው ጣጣው፤
እናት ስታለቅስ፣ ለምን እንደሆነ ማን ይንገር፣ ማን ያምጣው?
ሮብሌ ነው የመጣው።

ጣራ በሌለበት፣ በኒም ዛፎች መካከል በቆመው ሲኒማ
(ኢሻ ሶላት ሲደርስ ድምፁ ይቀነሳል፣ አዛኑ እንዲሰማ)
ከሸራው በስተቀኝ፣ በባቡር ፋኖሱ ግማሽ ፊቱን አብርቶ
ይቆማል ሮብሌ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ የሽርጡን ጫፍ ፈትቶ
እንደገና አስሮት።
ፍሬን ያዥ ነበረ፣ ከአይሻ እስከ አዋሽ፤
«ኤደን ላይ ሦስት ዓመት ህንድ ጋ ሠርቻለሁ» ይላል፤ ማን ጠያቂ፣ ማን ወቃሽ።

መጀመሪያ በአማርኛ፣
ከዚያ በሶማሊኛ፣
ለጥቆ በኦሮምኛ፤
አንዷን ሐዘን ለሦስት ይከፋፍላታል፤
ከዚራ አልቅሶ ዓይኑን ሲያደርቅ መገላ ገና ይስቃል፣
ገንደ ቆሬ ደግሞ መሐረብ አውጥቶ ተራውን ይጠብቃል።

አንዲቱን ፊልም ግን ስንቴ አየናት!
አምባር ሻጭ ናት እናት፣ የብርጭቆ አምባር፤
ወንዝ ሞልቶ ገባ፣ ሌሊት፣ በጓሮ በር፣
ልጇን ጠርጎ ወሰደ።
ሃያ ዓመት አለፈ፤ እሱም ከጠፋው ክብ ጋር አብሮ ነጎደ።

በመጨረሻ ላይ፣
ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ በቅጠል መብራት አድርጋ ውኃው ላይ ስትለቅ፣
ድልድዩ ላይ አንድ ሰው፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ ያልፋል በሩቅ።
ሴትየዋ ዘፈነች።
ሮብሌ ፋኖሱን ዝቅ አደረገና፣ «እንዲህ አለች፦
‹መጣህ ወይ የኔ ልጅ?
ያን ሁሉ ዓመት፣ እሺ፣ ሸሚዝህ ታጠበ በማን እጅ?›
ዞር አለና አያት። ልጇ ነው።»

ሲኒማው በፉጨት፣ በእልልታ ተናጋ፤
የማይተዋወቅ ሰው ተቃቀፈ እዚያው፣ ካጠገቡ ሰው ጋ።
ሮብሌ ብቻውን
አላጨበጨበም፤ በሽርጡ ጠረገ የፋኖሱን መስታወት፣
ደግሞ ጠረገው፣ ደግሞ፣ ምንም ሳይኖርበት።

ስንመለስ ማታ በደቻቱ አሸዋ፣ ጠብታ ውኃ የለም፣
«እማ፣ ሰውየው ለምን አላጨበጨበም?»
«ቀስ በል» አለችና፣ «ጉሌድ የሚባል ልጅ... እዚሁ... ደንገጎ የዘነበ ዕለት...»
አልጨረሰችውም።
አሸዋው ገና ሙቅ ነበረ፣ በውድቅት ሌሊት።

ትናንት ልጄ ናርዶስ፣ ደቻቱ ዳር ባለው በረንዳችን፣
በስልኳ ከፈተችው፤ ሰባቱም ክብ ሙሉ፣ ይኸው በእጃችን።
የጠፋውን አየሁት፤ ሃያውን ዓመት፦
ሴትየዋ በየባቡር ጣቢያው አምባር ትሸጣለች፤ ሌላ ነገር የለበት።
ከሥሩ ጽሑፍ አለው፤ ንጹሕ፣ ታማኝ ጽሑፍ፣
ከአፏ ያልወጣ ቃል አንዲት የማይጽፍ።
ሰውየው እንግዳ ነው። መንገደኛ ነበር።
እሷም ያለችው፦ «ወንዝ ሆይ፣ የኔን በልተሃል፤
ይህችን መብራት እንኳ ለዛሬ አሳድር።»
አበቃ። ጥቁር ሆነ።

«ሲያሳዝን!» አለች ናርዶስ።
«ጽሑፉ ተሳስቷል» አልኳት፣ «ነጭ ሸሚዝ የለበሰው፣ እሱ፣ ልጇ ነው።»
«ማን አለ?»
«ሮብሌ።»
«ሮብሌ ማነው?»
ሮብሌ ማለት በሶማሊኛ ዝናብ ይዞት የመጣ ነው።
ይህን አልነገርኳትም።
መልሼ ከፈትኩት፣ ድምፁን አጠፋሁት፤
ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ በአማርኛ፣ በሰባራ ሶማሊኛ፣
ከልጅነቴ በተረፈኝ ኦሮምኛ ተረጎምኩት።

ከበረንዳው ሲታይ ደንገጎ ጠቁሯል።
ወንዙ ውስጥ የልብስ ነጋዴው ሁሉ ዕቃውን ይሰበስባል፤
አንዱ ገመድ ላይ ብቻ
አንድ ነጭ ሸሚዝ ገና ይወዛወዛል።