አስራ አራተኛው ቅጂ

ቬንትሌተር ጠጋኝ ነኝ፣ ከዚራ ጥግ ያለሁ፤
ቀኑን ሙሉ የሰው ክንፍ ሳዞር እውላለሁ፤
ማታ ቤቴ ገብቼ
የራሴን አጠፋለሁ።

ስልኬ ጆሮው ሰፊ ነው፣ መምረጥ አልተማረም፤
ድምፄን ከነፋሱ ለይቶ አይሰማም።
ስለዚህ በግንቦት፣ በድሬ፣ በር ዘግቼ፣
ፍራሹን ከግድግዳ አስደግፌ፣
መስኮቱን በብርድ ልብስ ወጥሬ
(ብርድ ልብስ በዚህ አገር ሌላ ምን ሥራ አለው?)
የዱቄት ወተት ጣሳ ላይ ስልኬን አስቀምጬ፣
ቀዩን ነጥብ ነክቼ
እቀመጣለሁ፣ ትንፋሼን ውጬ።

ላብ ከቅንድቤ ጫፍ ተንጠልጥሎ
ይጠብቃል፣ እንደኔው በልቡ «አንድ፣ ሁለት...» ብሎ።

ጊታሯ ከታይዋን ናት፤
ገበያውን ማለቴ ነው፣ አገሩን አላውቀውም።
ሆዷ ላይ ስንጥቅ አለ፣ በሙጫ የያዝኩት፤
አራተኛ ክሯን የምቃኘው በፒንሳ ነው፣ ቁልፏ ከተሰበረ ወዲህ።
አስተማሪ አልነበረኝም። ጣቴ የተማረው
ከክሩ ነው፣ በመቁሰል።

«ለማን ነው የምትቀዳው?» ይለኛል አብሮኝ የሚሠራው ሮብሌ፤
«ካሴት አታወጣ፣ ሰርግ ላይ አትጠራ።»
መልስ የለኝም። ዘንድሮ አርባ አንድ ሞላኝ።
አንዳንዱ ሰው ደግሞ ርግብ ያረባል።

ዘፈኑ ስለ ደቻቱ ነው፤
ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ሆኖ፣
ልብስ ሻጭ ሸራ ዘርግቶበት፣ ልጅ ኳስ ጠልዞበት፣
ሌሊት ላይ ድንገት
ወንዝነቱ ትዝ ስለሚለው።

አንደኛው ቅጂ ላይ ባጃጅ አለፈ።
በሁለተኛው ክሩ ከሙቀቱ ላላ፣ ቅኝቱ ገደፈ።
ሦስተኛው ደህና እየሄደ
እህቴ ከጅቡቲ ደወለች፤ ዜማው መሃል አንገቱ ላይ ታረደ።
ከአራት እስከ ዘጠኝ ያለውን ተዉት፣ አቦ።
አስረኛው ላይ ፍየል ገባች፤
እውነቱን ለመናገር፣ ምቱን ጠብቃ ነው የገባች።
አስራ ሦስት ላይ ደከመኝ፤
የራሴን ድምፅ መልሼ ስሰማው
ብድር የሚጠይቅ ሰው መሰለኝ።

ጠዋት፣ ከግድግዳው ወዲያ፣
የአዴ ኢፍቱ ዘይት ተንጫጫ፤
ሳምቡሳዋን እየገለበጠች፣ ዘፈኔን ታንጎራጉራለች!
ያልያዘችውን ቃል በዱቤ ሞልታ፦
«የሙክታር አስራ አምስት... የሽፈራው ሰላሳ...»
ዜማው ግን ዜማዬ ነው፣ አንድ ቦታ ሲቀር፤
«አሸዋ» ብዬ በምወርድበት ስፍራ
እሷ ሽቅብ ወጣች፤ ወጥታም ቆየች፣
አልወርድም ብላ ደረጃ ላይ እንደተቀመጠች ልጅ።

«ማን አስጠናሽ?» አልኳት።
«አንተ ነሃ፣ ጌጡ! ሌሊቱን ሙሉ ስትሳሳት።»
«ሦስተኛው ስንኝ ላይ ግን ስተሻል።»
«እሱንስ አንተ ነህ የሳትከው» አለችኝ፤
ሁለት ሳምቡሳ በልጇ የሒሳብ ደብተር ቅጠል ጠቅልላ ሰጠችኝ።

ያን ቀን የሞተር መዳብ ስጠመጥም
ጣቴ ሽቅብ፣ ሽቅብ አለ።
ሳላውቀው ሦስት ዙር አብዝቼ ጠመጠምኩ፤
ፈትቼ እንደገና ጀመርኩ።

ማታ፣ አስራ አራተኛው።
«አሸዋ» ላይ ስደርስ እንዳለችው ወጣሁ፤
ድምፄ ትንሽ ተሰነጠቀ፣ እንደ ጊታሯ ሆድ፤
ግን ቆየሁ።
ግድግዳው ጸጥ አለ። ባጃጁም የት እንደገባ።
የመጨረሻው ክር ንዝረቱ ሳያልቅ
ከወዲያ በኩል፣ በጣት፣ ሁለቴ ተንኳኳ፤
እሱም ተቀድቷል። አልቆረጥኩትም።

ስልኩ ስም ስጠው አለኝ።
ድርሰቱ የማን ነው ብዬ ልጻፍ?
ፊደሎቹ ላይ አውራ ጣቴ ቆሞ ቆሞ
ባዶውን ተውኩት፤
ቬንትሌተሩን ከፍቼ ተኛሁ።

ንጋት ላይ ዘይቱ ተንጫጫ።
ደቻቱ ከነአሸዋው በግድግዳው በኩል መጣ፤
ሙክታር አለበት፣ ሽፈራው አለበት፣
ደግሞ ትናንት ያልነበረ አንድ ስም፣ ልክ ሽቅቡ ላይ፣
ወጥቶ፣ ቆይቶ፦
«የጌጡ... ሃያ ብር...»