ባለ ስልሳ ዩዋን ተራራ

ስልሳ ዩዋን ከፈልኩ፣ ቲኬት ተቆረጠ፤
ጀርባው ላይ ተራራ፣ አናቱ ያበጠ፣
በግራ ጎኑ ላይ ጥድ የተቀመጠ፣
በቀኙ ነጭ ውሃ ካለት ያመለጠ።
ቀና አልኩ ላመሳክር፤
ጉም ነበር። ጉም ብቻ ነበር።

ከናንጂንግ ጣቢያ ሌሊት ተሳፍሬ፣
ጠመዝማዛ ዳገት በአውቶቡስ ዞሬ፣
ባንድ እጄ ፌስታል፣ ባንድ እጄ ሆዴን አጥብቄ አሥሬ፣
የመጣሁት ለካ ነጭ አንሶላ ላይ ነው!
ዩንገን ማለት እኮ «የደመና ሥር» ነው፤
ስሙ ሲያስጠነቅቅ ጆሮ ያልሰጠሁ እኔው።

መንገዷ ጥቁር ድንጋይ፣ እግር የላገው፣
መሃሉን የጋሪ ጎማ የቦረቦረው፤
በየጣራው ክፈፍ ቀይ ፋኖስ ተሰቅሎ፣
ማታ ባንድ ማብሪያ ባንዴ ተቀጣጥሎ፤
አደባባዩ ላይ ጭፈራ አለ ሲባል
ድምፅ ማጉያው ብቻ ለባዶ ወንበር ያወራል፤
ጨፋሪዎቹማ ጌጣቸውን ፈተው፣
ሩዝ ሊያጭዱ ወርደዋል ማጭዳቸውን ይዘው።

ፓን ሹዬ ናት ስሟ፣ ቤት ያከራየችኝ፤
ጨርቅ ስትነክር ኖራ ሰማያዊ በሆነ እጇ ሻይ የቀዳችልኝ።
ገና ፉት ሳልለው በረንዳ ወሰደችኝ፤
አንጓዬን ጨብጣ፣
ጣቴን እንደ ጠመንጃ ወደ ነጩ ደግና፣
«ያውልህ!» አለችና፦

«ያ ጎባጣው ጫፍ ነው፣ የአያት ትከሻ እንለዋለን፤
እሱ ሲጠቁር ዓይተን የቃሪያ ስጣችንን እናነሣለን።
ዝቅ ስትል ደግሞ የባሌ ቀርከሃ፤
ቆራጩ ከሞተ እንዳሻው ይዘልቃል፣ ወርዶ እስከ ውሃ።
ፏፏቴው በግራ ነው፤ ቲኬትህ ዋሽቷል፤
ያተመው ጎረምሳ ፎቶውን ገልብጧል፤
ነግረነው ነበረ፤ ‹ያለው ቲኬት ይለቅ› ብሏል።
ከሥሩ መንገድ አለ፣ እንደ ክር የቀጠነ፤
ልጄ ከትምህርት ቤት፣ ሰማዩ እየከደነ፣
ባትሪ ይዛ ስትመጣ እዚህ ቆሜ ቆጥሬ፣
ዐሥራ አንድ ጊዜ ይጠፋል መብራቱ በየመታጠፊያው፤
በዐሥራ ሁለተኛው ላይ ትቆማለች በሬ።
አሁን ሼንዠን ነች። ስልክ ትገጣጥማለች።
በዓመት አንዴ ትመጣለች።
አየኸው?»

ምን ልበላት? ነጭ ነው፤ የታጠበ ሳህን።
«አየሁት» አልኳት፤ ቲኬቱም እኔም ዋሸን።

በማግስቱም ጉም ነው፤ ሦስተኛውም ቀን ጉም፤
እሷ ማሳየቱን አንድ ማለዳ እንኳ አላቆመችም።
ዋሻ ትጨምራለች፣ ዋሻው ላይ ፍየል፣
ፍየሉን ፍለጋ ወጥቶ ሚስት ይዞ የገባ ጉብል።
(ይቺን እንኳ አላመንኳትም።)

በአራተኛው ቀን ባልና ሚስት ከቻንግሻ ገቡ፤
ሁለት ጃንጥላ፣ አንድ ኩርፊያ ይዘው በረንዳው ላይ ቀረቡ።
«ስልሳ ዩዋን ለዚህ ነው?»
እጄን ምን እንደነካው! የባልየውን አንጓ ይዤ ደገንኩለት፤
«ያውልህ! ያ ጎባጣው…» ፏፏቴውን በግራ አኖርኩለት፤
ባትሪዋም ስትወርድ «ዐሥር ጊዜ ትጠፋለች» ብዬ ቆጠርኩለት።
«ዐሥራ አንድ!» ጮኸች ከማጀት፣ ድስቷን እየከደነች።
ባልየው ዝም አለ።
ሚስቱ ጃንጥላዋን አጠፈች።

ስመለስ፣ በአውቶቡስ፣ ወንበሬ በገደሉ በኩል፣
ተሳፋሪው በሙሉ ስልኩን ይዞ በሌላው መስኮት ሲል
«ተገለጠ! ተገለጠ!»፣
ብድግ ልል አሰብኩና መንገዱ ታጠፈ፤ አንድ ብዬ ጀመርኩ።
ሁለት። ሦስት። ስድስት ላይ ሆዴ ተናወጠ።
ዐሥራ አንድ።
ቲኬቱን ከኪሴ አወጣሁ፤ እርጥብ ነው፣ ተጨማዷል።
አጠገቤ ካለችው ልጅ እስክሪብቶ ተዋስኩ፤
ውሃውን ከቀኙ ሰርዤ
በግራው አወረድኩ።