ለሁለት ሰው የተተወ ቦታ

አንትወርፕ ወንዟ በረዶ ሆኖባት፣
ሊቨን በሰገነት፣ በኩራዝ መብራት
ገነትን ይስላል፣ ጣቱ ደንዝዞበት።
ሣሩ ማክሰኞ አልቋል፣ ዛፉም ትናንትና፤
ዛሬ የአንበሳው ተራ ነውና
ግድግዳው ላይ ሰቅሏል ብል የበላው ቆዳ፣
ከመርከበኛ የገዛው፣ ያልተከፈለ ዕዳ።
ከዚህ ደረቅ ፊት ላይ ምሕረት ፈልጎ፣
በግ ያስተኛል ከጎኑ፣ ጥፍሩን ሸሽጎ።

ጥንቸሏ ተሰቅላ ከምድጃው በላይ
ከአፍንጫዋ ደም ጠብ ይላል ድንጋይ ላይ፤
እሱ ግን መዳቡ ላይ፣ ከምንጩ ዳር አቁሟት፣
ጆሮዋን አንቅቶ፣ ለምለም አስግጧት።

የገነትን ወፍ ከሩቅ ያመጡ ነጋዴዎች
«እግር አልባ ፍጥረት ናት» ብለው ነበር። ማይከን አየች፤
ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ቀለም ፈጪ ናት፣
ላባውን ገልጣ የቢላ ቁርጥ አገኘችበት።

መሃል ላይ ሁለት ነጭ ክፍተት ቀርቷል፤
አዳምና ሔዋንን ዮዶከስ ይስላል፣
የሰው ገላ የሚያውቀው እሱ ነው፣ ቅዳሜ ይመጣል።
ነብር፣ ዝሆን፣ ዳክዬ ወደዚያ ያያሉ፣
ገና ያልመጣን ሰው ይጠባበቃሉ።

«ባይመጣስ?» አለችው። ዝም አለ አባቷ።
ጥንቸሏን አውርዳ ወስዳለች እናቷ፤
ከታች፣ ከደረጃው፣ የሽንኩርት ሽታ መጣ።
ርቦት ነበር፤ ኩራዙን ይዞ ወጣ።

ገነት ጨለመች።
ሁለቱ ነጭ ብቻ ይታያሉ ገና።