ለእሁድ የሚነበብ ማስታወቂያ

ማተሚያው አርጅቷል፤ ወረቀት ያኝካል፣
የኖቫ ስኮሺያ ጭጋግ፣ ከመስኮቴ ማዶ፣
ጀልባዎቹን አንድ በአንድ ይውጣል።
የእሁዱን ማስታወቂያ የምጽፈው እኔ ነኝ፣
በሁለት ጣት ብቻ፣ ዓመት አሥራ ዘጠኝ።
ከአንድ ገጽ እንዳያልፍ ተነግሮኛል በጥብቅ፤
የሰው ጉዳይ ደግሞ አይታጠፍ እንደ ጨርቅ።

እንግዲህ፦

እሁድ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት፣ ቄስ ኦዲል ትሰብካለች፤
ርዕሱን አልሰጠችኝም፣ ስጠይቃት ሳቀች፣
«ቅዳሜ ሌሊት ይመጣል፣ እንደ ወትሮው» አለች።
ልጅ ያላችሁ አምጡ፤ ቢያለቅስም አትውጡ፣
ልቅሶም ጸሎት ነው፣ ከፊት ተቀመጡ።
ደረጃ ለከበደው መወጣጫው ተጠግኗል፣
የሃርላን ባለጎማ ወንበር ሁለቴ ሞክሮታል።
ማዕዱ ክፍት ነው፦ ለተጠመቀው፣ ላልተጠመቀው፣
በሩ ላይ ቆሞ ልግባ ልመለስ ለሚለው።
ኅብስቱ ከሩዝ ነው፣ ስንዴ ለሚያመው፣
ጽዋውም ጭማቂ፣ መጠጥ ለተወው።
ይህን የለመነን ማን እንደሆነ አይጻፍም፤
ዘጠነኛ ወሩ ነው። በርታ በሉት፣ ባታውቁትም።

ሰኞ ማታ የመዝሙር ጥናት። ጥሩ ድምፅ አይጠየቅም፤
ባለፈው ፋሲካ የሰማን ሰው ይህን አይጠራጠርም።
ማክሰኞ ሹራብ። ከሶርያ ለመጡት ጎረቤቶቻችን
ሰባት ጥንድ ጓንት ይቀረናል፣ በረዶው ሳይቀድመን።
ትንሿ ሩላ «የኔ ቀይ ይሁን» ብላለች፤
ቀይ ክር ያለው ይፍጠን፣ ቀኑን በጣቷ ትቆጥራለች።

«ረቡዕ» ብዬ ሁለት ነጥብ ስጥል ስልኩ ጮኸ።
ሎርን ዝዊከር።
ስሙን እስኪነግረኝ አልጠበቅሁም፤
አሥራ አንድ ዓመት ቢያልፍም ያ ሻካራ ድምፅ አይረሳም።

ያኔም ኅዳር ነበር፣ በዚሁ አዳራሽ፣ እጅ አውጡ ስንባል፤
ዳቦ ጋጋሪዋ ኢላይንና ነርሷ ፍሎራ
እዚህ መሠዊያ ፊት ይጋቡ ወይ ስንል።
ሠላሳ አራት ለአሥራ ሦስት።
ሎርን የማሞቂያውን ክፍል ቁልፍ ከአንገቱ አውጥቶ
ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ በሩንም ሳያጋጭ፣ በቀስታ ዘግቶ
ሄደ። ቢያጋጨው ይሻል ነበር።
እኔም እጄን ያነሣሁት የሌሎቹን አይቼ፣ ዘግይቼ ነበር፤
ይህ በቃለ ጉባኤው አልሰፈረም።
ጸሐፊዋ እኔ ነበርኩና።

«ረቡዕ ሾርባው አለ?»
«አለ።»
ዝም። ከበስተኋላው የአየር ትንበያ ሬዲዮ ያወራል፣
ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ፣ ማዕበሉ ይከብዳል።
«ድንች አለኝ፣ ሁለት ጆንያ። ለኔ ምን ያደርግልኛል፤
ዶሪስ ካረፈች ወዲህ የምልጠው ለአንድ ሰው ሆኗል።»
«አምጣው» አልኩ። ግባና ከኛ ጋር ብላ ልል
አፌን ስከፍት ቀደመኝ፦
«አልገባም። በጓሮ በር አቀብላለሁ።»
ደግሞ ዝም።
«ማሞቂያው ዛሬም ያንኳኳል?»
«ያንኳኳል።»
«የግራውን ቡሎን ሩብ ዙር አላሉት። ሩብ ብቻ።
ነግሬያችሁ ነበር።»
ዘጋው።

ምን ብዬ ልጻፍ? ተመለሰ ልበል? አልተመለሰም።
ታረቅን ልበል? ከድንችና ከቡሎን በቀር ያወራነው የለም።
ደግሞም ኢላይን ረቡዕ ረቡዕ ዳቦዋን አቅፋ የምትገባው
በዚያው በጓሮ በር ነው።
ለሷ ልንገራት? ወይስ ለሱ?
ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ፤ ማተሚያው አንድ ገጽ በላብኝ፤
ጭጋጉ የመጨረሻውን ጀልባ ሲውጥ
ከዚህ የተሻለ አልመጣልኝ፦

ረቡዕ፣ ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ሾርባ። ድንች ተገኝቷል።
የጓሮው በር አይቆለፍም።
ካሮት ያለው ሰው ይደውል።